ዕቃው ሲታወስ፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ተረሳች

የአናጢ ሥራ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከጎን ዘንበል ብሎ የሚያርፍ ብርሃን የእንጨቱን መስመርና መጋጠሚያ ያጎላል፤ ከፊት ለፊት የሚወረወር ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ብርሃንን ማስተካከል ራሱ ሥራ ነው።

ከ1924 እስከ 1928 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር ከባውሃውስ ትምህርት ቤት ወርክሾፖች የወጡትን ዕቃዎች ሉሲያ ሞሆሊ በትልቅ ካሜራ፣ በ18 በ24 ሳንቲ ሜትር የመስተዋት ነጋቲቭ ላይ ቀረጸች። ትምህርት ቤቱ በዓለም የታወቀው በአብዛኛው በእነዚህ ሥዕሎች ነው።

ይሁን እንጂ በ1933 ከናዚ አገዛዝ ስትሸሽ 560 ያህል ነጋቲቮቿን በርሊን ትታ ሄደች። እነዚህም በትምህርት ቤቱ መሥራች በዋልተር ግሮፒየስ እጅ ገብተው፣ ሥዕሎቹ በ1938 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ኪነ ጥበብ ሙዚየም ያለ ስሟ ለሕዝብ ታዩ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1957 የተመለሱላት 230 ብቻ ነበሩ።

ዕቃውን የሠራ እጅ ሲመሰገን፣ ለታሪክ ያቆየውም እጅ በስሙ ሊጠራ ይገባል።