መብራት ተሸካሚዎቹ ምስሎች

በቀድሞው ዘመን በመኳንንቶቻችን ቤት ራት በቀረበ ጊዜ ጧፍ ይዞ ከማዕዱ አጠገብ የሚቆም አሽከር እንደ ነበረ ከአባቶችህ ሰምተሃል። ዛሬም በሲቀላ መብራት በጠፋ ምሽት ለእንግዳው ሻማ የሚይዝለት የቤቱ ልጅ ነው።

ፈረንሳዮች ይህንን አገልግሎት ለተቀረጸ ምስል ሰጡት። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የሚገኘው የመስተዋት አዳራሽ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1684 ዓ.ም. ሲፈጸም፥ 14ኛው ሉዊ በብር መቅረዞች አስጌጠው። ዳሩ ግን በ1689 ዓ.ም. የጦርነት ወጪ ቢያስጨንቀው ብሩን አስቀልጦ ገንዘብ አደረገው፤ የአንጥረኞቹም ጥበብ አብሮ ጠፋ። በ1770 ዓ.ም. ለአልጋ ወራሹና ለማሪ አንቷኔት ሠርግ፥ በወርቅ የተለበጡ የእንጨት ሴቶችና ሕፃናት መብራት ተሸክመው በአዳራሹ ተሰለፉ። በ1875 ዓ.ም. በተመረቀው የፓሪስ ኦፔራ ቤትም ካርዬ ቤሌዝ የቀረጻቸው ሴቶች በታላቁ ደረጃ ግርጌ መብራት ይዘው ቆሙ።

አንድ ነገር ግን አይሰወርህ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ታላላቅ ቤቶች መብራት እንዲሸከሙ ከተቀረጹት ምስሎች ብዙዎቹ የጥቁር ሰው መልክ ነበራቸው። አዳራሹ በተፈጸመ በዓመቱ፥ በ1685 ዓ.ም.፥ ያው ንጉሥ በቅኝ ግዛቶቹ ስለሚኖሩት ባሮች «ኮድ ኗር» የተባለውን ሕግ አወጣ። እኛም ብንሆን በሌላው ብቻ አንፍረድ፤ በአገራችን ባርነት በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ፥ ጧፍ ያዡ ሁሉ በፈቃዱ የቆመ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጌጥ ባየህ ጊዜ የቀራጩን እጅ አድንቅ፤ ከዚያም መብራቱን የተሸከመው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ።