ዜና ቃኘው፤ ባሕር ተሻግረው ስለ ዘመቱት ወታደሮች

በ1942 ዓ.ም. ሰኔ 18 ቀን የሰሜን ኮሪያ ጦር ድንበር ጥሶ ወደ ደቡብ ዘመተ። የተባበሩት መንግሥታትም ለአገሮች ሁሉ የእርዳታ ጥሪ ላኩ። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ስለ ተወረረች አገራቸው ጮኸው ሰሚ አጥተው ነበርና፥ ሌላው ሲጮኽ ዝም ማለትን አልወደዱም። ፍርዳቸውም የቀና ነበረ።

ዘማቹ ከክቡር ዘበኛ እንዲመረጥ አዘዙ፤ ምርጫውንም ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ መሩ። ጦሩም በንጉሠ ነገሥቱ አባት በልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም ቃኘው ተባለ።

ጀግናስ ሞልቶ ነበር፤ የሚያስጨንቀው ስንቁ ነው። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ ለሻለቃ ጦር ቀለብና ጥይት የሚያመላልስ መርከብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ እንዲህ ተደላደለ፦ ልብሱ፥ ቀለቡ፥ መሣሪያው ከአሜሪካ ጦር ይሁን፤ አዛዡና ሰንደቅ ዓላማው ግን የኢትዮጵያ። ኮሎኔል ከበደ ገብሬ የዘማቹ የበላይ፥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ የሻለቃው አዛዥ ሆኑ።

በ1943 ዓ.ም. በወርኃ ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቁን በእጃቸው ሰጥተው መርቀው ሸኟቸው። ከ1,100 የሚበልጡት ዘማቾች በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ሚያዝያ 8 ቀንም በአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ። ወሩ ሳያልቅ ፑሳን ገቡ።

በደረሱበት ቀን ወደ እሳት አልተማገዱም። ስድስት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ኤም ዋን ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፥ መትረየስና ሞርታር ማጥመድ ተማሩ። ከዚያ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። መድፉ የአሜሪካ፥ ቃፊሩ የእኛ ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊው መኮንን በጨለማ ኮረብታ ላይ ጠላት ሲከበው ራዲዮውን ይዞ ዒላማውን ይጠራል፥ በማያያቸው ሰዎች እጅ የሚተኮሰው ጥይትም በፊቱ ይወድቃል። እንዲህ ያለ መተማመን በስንት ላብ እንደ ተገኘ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዓመት ሲሞላም ሻለቃው በሻለቃ ይተካ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፥ በ1945 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ተከታትለው አዘዙ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ ከቃኘው ወታደር አንድ ስንኳ አልተማረከም። የወደቁት ከ120 ይበልጣሉ፤ የቆሰሉት ከ500 በላይ ናቸው። የወደቁትም አጽም በባዕድ አፈር አልቀረም፤ አገሩ ተመልሶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ዘማቾቹ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያም በኮሪያ ምድር አቁመው ከደመወዛቸው ይረዱ ነበር፤ ይህ ከድሉ ሁሉ ይልቅ ሊጻፍላቸው ይገባል።

የዘማቹ የበላይ የነበሩት ኮሎኔል ከበደም በኮሪያ ሳሉ በአሜሪካ ክፍለ ጦር ሥር የተሰለፈ የአገራቸውን ጦር መሩ። በ1954 ዓ.ም. ግን ሌተና ጄኔራል ሆነው ኮንጎ ወረዱ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው ሕንዱንም፥ ናይጄሪያውንም፥ ስዊድኑንም፥ አየርላንዱንም አዘዙ።