ባለዕዳን ማን ያምናል?

ሆሳዕና ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሁሉ አንዲት መስመር ያውቃል፤ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። ዲግሪ ይዞ ለገንዘብ ያዥነት ያመለከተ ጓደኛችን ደመወዝተኛ አጎት ፍለጋ እስከ ዱራሜ ይዞራል። እኛም ዞረናል። (አጎት ሁሉ ያን ሰሞን ስልኩን ያጠፋል!)

ነገሩ የዛሬ አይደለም። በድሮው የአገራችን ሥርዓት ባለዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት፣ አለዚያም ሸማቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከቁራኛ የሚገላግለው ዋስ ነው። ዋስ ያጣ ሰው መታመንንም አጣ። ሆሳዕና በተቆረቆረችበት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻም ሥርዓቱ ገና አልጠፋም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ማጭበርበርንና ቀለብ አለመክፈልን ከመሳሰሉ ጉዳዮች በቀር፣ ሰው በዕዳ እንዳይታሰር ደነገገ። ሰንሰለቱ ወለቀ፤ ቃሉ ግን «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ሆኖ አፋችን ላይ ቀረ።

ይህን ዓይን ዛሬ በደንብ የሚያውቁት ዋሺንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ምስጢር የሚነካ ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚሞላው ቅጽ፣ ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ያሳደርከው ዕዳ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መንግሥቱ እንዲህ መጠርጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የሲ.አይ.ኤ. ባልደረባው አልድሪች ኤምስ ፍቺና ዕዳ ሲያጣብቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ለሶቪየቱ ኬ.ጂ.ቢ. ምስጢር ሸጠ፤ መጀመሪያ የተቀበለው 50,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በ540,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ቤት ገዛ፣ በጃጓር ተንፈላሰሰ፤ የተያዘው ግን በ1994 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቢሮ ጓደኞቹ ምን ይመለከቱ ነበር?

አሁን ማጣሪያው በየጥቂት ዓመቱ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሠራተኞቹን በማያቋርጥ ክትትል ውስጥ አስገብቷል፤ የብድር ታሪካቸውም ይታያል። ቁራኛ ያለ ሰንሰለት በሉት።

ዕዳ መኖሩ ብቻውን ግን አይጥልም። መመሪያው ሥራ ማጣትን፣ ድንገተኛ ሕመምንና ፍቺን የመሳሰሉ ከአቅም በላይ የሆኑ ምክንያቶችን ያያል፤ በቅን ልቦና መክፈል የጀመረንም ያግዛል። መደበቅ ከዕዳው ይብሳል፤ በሌላ አንቀጽ ያስጠይቃል።

የሚከብደው የእኛ ዓይነቱ ዕዳ ነው። የሐዲያና የከምባታ ቤተሰብ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲልክ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያሲዛል፣ ከዘመድ ይበደራል። ይህ ብድር የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ የአሜሪካ ባንክም አያውቀውም። አሜሪካ ያለች እህት በክሬዲት ካርዷ የሸፈነችው ግን እያንዳንዱ ዶላር በስሟ ተመዝግቧል። ለአባቷ ሕክምና ያወጣችውን ለመርማሪው ብታስረዳ መመሪያው ውስጥ የምትጠቅሰው ቃል ታገኛለች። ለወንድሟ መንገድ ያወጣችውን የሚመስል ምሳሌ ግን እዚያ የለም።