ስለ ማዘርቦርድ ዕድሜና ስለ አምራቾች የተስፋ ቃል

ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ፍጥነቱ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ዕድሜውን ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩና ራሙ፥ ዲስኩም ጭምር የሚሰካበት ማዘርቦርድ ስንት ዓመት ያገለግላል? አምራቹስ ከሸጠው በኋላ እስከ መቼ ይረዳዋል? የሚለውን ነው። የባሕር ማዶውን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፥ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን ኑሯችን ነው። እኛ ጸሐፊዎቹ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ስንሆን፥ ኮምፒዩተር የምናገኘው ሌላው ሰው ተጠቅሞበት ሲተወው ነው። አንዱ ክፍል ሲበላሽ ያን ብቻ እንለውጣለን እንጂ ሁሉን አንጥልም። አዲስ ማዘርቦርድ ሊወጣ ነው የተባለ እንደ ሆነ ግን በጓደኞቻችን ዘንድ ወሬው ለሳምንታት አያልቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወሬው ከባድ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው 150 ዶላር የሆነ ማዘርቦርድ ቀረጡና ትርፉ ሳይቆጠር ከ8,550 ብር ተነሥቶ ከ15,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በምርጫ መሳሳት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት ከሰበታው ሐዲድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መንገድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፥ መነሻውም ሰበታ የሆነው መንገድ ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከጥንቱ ፉርጎዎች አንዱም እንዳለ ሊሄድበት አይችልም። ይህ ለውጥ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ሆነ የሚያማርር አይገኝም። ማዘርቦርድ ሠሪዎች ግን የሐዲዱን ስፋት በሁለት ዓመት የለወጡበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። አይ.ቢ.ኤም. በ1981 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የማዘርቦርዱን የመስመር ንድፍ ለሕዝብ በሚሸጥ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ማዘርቦርድ ላይ አምስት የካርድ መሰኪያዎች ነበሩ፤ ማንም ባለሙያ ለእነርሱ የሚስማማ ካርድ ለመሥራት ፈቃድ መለመን አላስፈለገውም። ኩባንያው በ1987 ይህን ትቶ ማይክሮ ቻናል የሚባለውን አዲስ መሰኪያ አመጣ። የቀድሞ ካርዶች አይገቡበትም፤ ሌላ አምራች ሊጠቀምበት ቢፈልግም ክፍያ ይጠየቃል። በሚከተለው ዓመት በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ አምራቾች ተባብረው የድሮውን ካርድም አዲሱንም የሚቀበል ሌላ መሰኪያ አወጁ። ማይክሮ ቻናልም ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ። መሰኪያው በሥራው ደካማ አልነበረም፤ ሰው ግን ቀድሞ የገዛውን አልጥልም አለ።

ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው የማዘርቦርድ ልክ ዛሬም ይሠራበታል፤ ሳጥኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ አዲሱን ማዘርቦርድ ይይዛል። ስለ ፕሮሰሰር መሰኪያ ግን እንዲህ ለማለት አይቻልም። በ2015 የወጣው ባለ 1151 ነጥብ የኢንቴል ሶኬት በ2017 መገባደጃ ለአዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ተከለከለ። የሶኬቱ ቅርጽና የነጥቦቹ ቁጥር ሳይለወጥ አዲስ ማዘርቦርድ መግዛት ግድ ሆነ። የኤሌክትሪክ አሰጣጡ ተለውጧል የሚል ምክንያት ተሰጠ።

ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ተወዳዳሪው በዚያው ጊዜ ኤ.ኤም.4 የተባለውን ሶኬት አውጥቶ እስከ 2020 እንደሚረዳው ቃል ሰጥቶ ነበር። ዘመኑ ሲደርስ፥ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፥ የሚመጡት ፕሮሰሰሮች በሁለቱ አዳዲስ የቺፕሴት ዓይነቶች ላይ ብቻ ይሠራሉ አለ። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ባዮስ የሚጻፍበት ትንሽ ቺፕ ነበር። በብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ የዚህ ቺፕ መጠን 16 ሜጋባይት ስለ ነበረ የፕሮሰሰሩን ትውልድ ሁሉ ሊይዝ አልቻለም። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ይህን የወሰነው በቺፑ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ የፈለገ አምራች እንጂ ገዢው አልነበረም።

ኮምፒዩተራቸውን ራሳቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ፤ የድሮ ፕሮሰሰሮችን ስም ከባዮሱ ላይ እያነሡ አዲሶቹን ማስገባት ይቻላል ተባለ። በ2022 ደግሞ በ2017 ለተሸጡት የመጀመሪያ ማዘርቦርዶች ሳይቀር ተፈቀደ። እንግዲህ የተስፋው ቃል ከአፉ ወጥቶ፥ ታጥፎ፥ እንደገና ተዘርግቶ የተፈጸመው በገዢዎች ጩኸት ነው።

የዚህ ፍሬ ምን እንደ ሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታየ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከተወሰነ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተገዙ ሁለት ኮምፒዩተሮችን አስቡ። የኢንቴሉ ባለቤት በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ሊሰካው የሚችል በይፋ የተፈቀደ ፕሮሰሰር ለማግኘት ይቸግረዋል። የኤ.ኤም.4 ባለቤት ግን ባዮሱን አድሶ፥ አንድ ያገለገለ ፕሮሰሰር ገዝቶ ማለፍ ይችላል። ልዩነቱ ለእኛ የአንድ ሰው የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

ተከታዩ ኤ.ኤም.5 በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እስከ 2025ና ከዚያም በኋላ ይረዳል ተብሎ ነበር፤ በ2024 ቃሉ ወደ 2027ና ከዚያ በላይ ተራዘመ። «ከዚያ በላይ» የሚለው ሐረግ ምን ያህል ዓመት እንደሚይዝ ከ2020ው ነገር የተማረ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ጓደኞቻችን አዲስ ማዘርቦርድ ወጣ ብለው ሲጠሩን የምንጠይቀው ስለ መብራቱና ስለ ፍጥነቱ አይደለም። የባዮሱ ቺፕ 16 ነው ወይስ 32 ሜጋባይት? ያው አምራች ከአምስት ዓመት በፊት ለሸጠው ማዘርቦርድ መጨረሻ ባዮስ ያወጣው መቼ ነው? የመጀመሪያው መልስ ከዕቃው ዝርዝር፥ ሁለተኛው ከአምራቹ የባዮስ መዝገብ ይገኛል። በሁለቱም የረካነው ሲገኝ ከሦስታችን ተራው የደረሰው ይገዛል፤ እስከዚያው በአሮጌው እንሠራለን።