የራስ ያልሆነን መስጠት፦ ፍቅር፣ ስለትና ወንጀል በሁለት ልቦለዶች



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ አይመስልም። ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ልናገር ነው፤ መነሻዬ ደግሞ የጃፓን የወንጀል ልቦለድ ነው። ምክንያቴን አስቀድሜ ልግለጽ። የተወለድሁት ከሉማሜ ብዙም በማይርቅ መንደር ሲሆን የስለት ልጅ ነኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች የቀበረችው እናቴ፣ ይህኛው ካደገልኝ ለታቦቱ አገልጋይ ይሁን ብላ ተሳለች። ስለቱን አልፈጸምሁትም፤ የቆሎ ተማሪነቱን ትቼ አስኳላ ገባሁ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ነገር ግን በየዓመቱ ታቦቱ በሚነግሥበት ዕለት ጧፍና ዕጣን ይዛ በእኔ ፈንታ ትቆም ነበር። ስለዚህ ስለ በዛብህ ስናገር ገለልተኛ ዳኛ እንዳልሆንሁ ከወዲሁ ዕወቁልኝ።

የጃፓኑን ልቦለድ የጻፈው ኬይጎ ሂጋሺኖ ነው። መጽሐፉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2005 ታተመ፤ የናኦኪ ሽልማትንም አገኘ። በርእሱ ውስጥ ያለው «ኬንሺን» የሚለው ቃል በቁሙ ሲፈታ ሰውነትን መስጠት ማለት ነው። ኢሺጋሚ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ጎረቤቱ ያሱኮ ከልጇ ጋር ሆና፣ ሊያሠቃያት የመጣውን የቀድሞ ባሏን ገደለች። ኢሺጋሚም ማንም ሳይጠይቀው ወንጀሉን የመሸሸጉን ሥራ ተረከበ። ፖሊስ ያሱኮን ስለ አንድ ምሽት ይጠይቃታል፤ ሲኒማ ቤት እንደነበረች ትመልሳለች፤ መልሷም እውነት ነው። ሐሰቱ ያለው በጥያቄው ውስጥ ነው። መርማሪዎቹ እጅ የገባው አስከሬን የባሏ አይደለምና። ኢሺጋሚ በማግስቱ የገደለው፣ በወንዝ ዳር ይኖር የነበረ ቤት የለሽ ሰው ነው።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ዘዴ ወዲያው ያውቀዋል። ሰሙ ጎደሎ ከሆነ ሰሚው ይጠረጥራል፤ ሰሙ ሙሉ ሲሆን ግን ወርቁን የሚፈልግ የለም።

መጀመሪያ ሳነበው ለኢሺጋሚ አዘንሁ። ራሱን ሊያጠፋ በተሰናዳበት ሰዓት እናትና ልጅ በሩን አንኳኩተው፣ አዲስ ጎረቤቶች ነን ብለው እጅ ነሥተውት ስለነበር ነው ያን ሁሉ ያደረገው። በሁለተኛው ንባብ የዚያን የሟች ስም ፈለግሁ። ስም የለውም። ሰውነቱን የሰጠው እንግዲህ ኢሺጋሚ ብቻ አይደለም፤ ያልተጠየቀው ያ ሰው ጭምር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ በእንዶዳም ተወለዱ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማረኩ፤ ዓመታትን በኢጣልያ እስር አሳለፉ፤ በኋላም ዲፕሎማት ሆኑ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው። የታሪኩ ዋና ስፍራ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በብቸና በኩል ያለው ታላቅ ደብር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኛ መጽሐፉን የምናስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ፍቅረኞች ውድነሽና ቦጋለ ናቸው እላለሁ። ልጃቸውን አጥብቀው ከመውደዳቸው የተነሣ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ስለት በጎጃም ገበሬ ዘንድ እንዲያው ጸሎት ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ነው፤ ባለዕዳው ቢዘነጋም ታቦቱ አይዘነጋም ተብሎ ይታመናል። ይሁንና የሰጡት የራሳቸውን ዕድሜ አልነበረም፤ የልጁን ዕድሜ እንጂ። በዛብህ ካደገ በኋላ ያፈረሰው ቃል ራሱ ያልገባው ቃል ነው።

ይህን ብዬ ግን በዛብህን በነጻ አላሰናብተውም። የፊታውራሪ መሸሻን እንጀራ እየበላ፣ አስተምር ተብሎ በታመነበት ቤት ነው ፍቅሩን በስውር ያሳደገው። ፊታውራሪው ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ባል ያጡ ትዕቢተኛ ቢሆኑም እምነት እምነት ነው። ጉዱ ካሣና ሰብለ ይለዩብኛል። ካሣ ስሙንና የወገኖቹን ከበሬታ ከፈለ፤ ሰብለ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ማታለሏ አይካድም፤ ዋጋው ግን ከገዛ ሕይወቷ ወጣ።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህርነቴ ያስቸግረኛል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ፍቅሩን የማያውቅ የለም። አበጀ በለውን ጥቀሱልኝ ስል ግን ክፍሉ ዝም ይላል። ፊታውራሪው ከልማድ ያለፈ ግብር ሲጠይቁ አንከፍልም ያሉትን ገበሬዎች የመራው እርሱ ነው። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960፣ የሞጣና የብቸና ገበሬዎች የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውመው ተነሡ፤ ርስታችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ፈርተው ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተባቸው፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ልቦለዱ አመፁን አመጣው አልልም፤ ያ አመፅ ከገበሬ ንባብ የመጣ አይደለም። ደራሲው ግን የሚያውቁትን አገር ጽፈዋል። እኛ አንባቢዎች ለሁለቱ ወጣቶች ስናለቅስ ገበሬዎቹን ከቁጥር ማውጣታችን፣ በቶኪዮው ወንዝ ዳር ያንን ስም የለሽ ሰው ሳላየው እንዳለፍሁት ነው።

ያሱኮ በፍጻሜው ስጦታውን አልቀበልም አለች። እውነቱን ስትሰማ ሄዳ ለፖሊስ እጇን ሰጠች፤ ኢሺጋሚም እንደ አውሬ ጮኸ። ያ ጩኸት የፍቅር ነው ወይስ የተበላሸ ስሌት? ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረንበታል፤ እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ክብረ በዓል፣ በምርኩዝ ቆማ ባያት ጊዜ፣ «እማዬ፣ ይህ የእኔ ዕዳ አልነበረም?» አልኋት። «አንተ መቼ ተሳልህ ልጄ? የተሳልሁት እኔ» አለችና ጧፉን እንዳበራላት ሰጠችኝ።

ሰዓቴ አልቋል። ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።