ፕሬዚዳንቱ ያላዘዙት ነገር

ታሪክ ስንማር መጀመሪያ የሚመጣልን ጥያቄ «በማን ዘመን?» የሚለው ነው። ገዢው ከታወቀ ሌላው ሁሉ በእሱ ስም ይመዘገባል። የግብጹን ሼኽ ሰይድ አልነቅሸበንዲን ታሪክ የሚያወሩም ብዙዎቹ ከፕሬዚዳንት ሳዳት ይጀምራሉ። እኛ ግን፣ እስቲ ከሰውዬው ከራሳቸው እንጀምር። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሼኹ በ1920 በናይል ደልታ፣ ደሚራ በምትባል መንደር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ላይኛው ግብጽ፣ ወደ ጠህጣ ሄደ። ቁርኣን የሐፈዙትም፣ በመውሊድ ሌሊት ነቢዩን ማወደስ የለመዱትም እዚያ ነው። ስማቸው እንደሚመሰክረው የነቅሸበንዲያ ጠሪቃ ቤት ልጅ ናቸው። በ1955 ጠንጣ ከተማ ገብተው ተቀመጡ። በእኛ አገር ከመንዙማ ጋር የሚዛመደውን ውዳሴ ግብጾች «ኢንሻድ»፣ ወደ አላህ የሚደረገውን ልመና ደግሞ «ኢብቲሃል» ይሉታል። ሼኹ ይህን ሲያሰሙ የሙዚቃ መሣሪያ አያስከትሉም፤ ሀብታቸው ጉሮሯቸውና ትንፋሻቸው ነበር። በ1966 ካይሮ፣ ኢማም ሑሴን መስጊድ፣ ከሬዲዮ ሰው ከአሕመድ ፈራጅ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ወዲያ በረመዳን፣ በማፍጠሪያው ሰዓት፣ ድምፃቸው ከየቤቱ ሬዲዮ ይሰማ ጀመር።

በ1972 ሳዳት በልጃቸው የቀለበት ግብዣ ላይ ሼኹንና የዜማ ደራሲውን በሊግ ሐምዲን አንድ ላይ አገኟቸው። ሁለቱ አብረው እንዲሠሩም አዘዙ። ሼኹ ተጨነቁ። በሊግ እኮ ለእነ ዑም ኩልሡምና ለእነ ዐብደል ሐሊም የፍቅር ዘፈን የሚደርስ ሰው ነው! ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሼኽ በጭፈራ ዜማ ዱዓ ያድርጉ? እንቢ እንዳይሉ ደግሞ ያዘዘው የአገር መሪ ነው።

የሬዲዮው ሰው ወግዲ አልሐኪም ኋላ እንደተረከው፣ መላ ተገኘ፤ ሼኹ ገብተው ዜማውን ይስሙ፣ ከወደዱት ጥምጥማቸውን ያውልቁ ተባለ። ወግዲ ቆይቶ ቢገባ ጥምጥሙም ጁባውም ወልቋል። ሼኹ በሊግን ጂን ነው ብለው አደነቁት። ገጣሚው ዐብደል ፈታሕ ሙስጠፋ የደረሰው «መውላይ» እንዲህ ተወለደ።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? ሳዳት ሁለቱን ሰዎች ማገናኘት ችለዋል፤ ይህን አንክድም። ግን ጥምጥም በትእዛዝ ቢወልቅም ልብ በትእዛዝ አይከፈትም። ዜማውን መርምሮ፣ በዚህስ ጌታዬን ብለምንበት አላፍርም ብሎ የፈረደው በጠህጣ መውሊዶች ያደገው ጆሮ ነው። ጭንቀታቸውንም እንደ ኋላ ቀርነት ማየት የለብንም፤ ያን ያህል ባይጠነቀቁ ኖሮ እሺታቸው ምን ዋጋ ነበረው?

ሼኹ በየካቲት 1976 አረፉ። «መውላይ» ግን ዛሬም ረመዳን በመጣ ቁጥር ይሰማል። «በማን ዘመን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ በሼኽ ሰይድ ዘመን ብንለው ምን ይለናል?