ስማቸውን የደበቁት የካላማዙ ለጋሾች

ነጻ የትምህርት ዕድል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንደኛ የወጣ ተማሪ ነው። አንዲት የአሜሪካ ከተማ ግን ይህን ልማድ ትታ ሌላ መንገድ ሞክራለች።

ከተማዋ በሚቺጋን ግዛት የምትገኘው ካላማዙ ናት። ድሮ ወረቀት፣ የጊብሰን ጊታርና የቼከር ታክሲ ይመረትባት ነበር። የታክሲው ምርት በ1982 ቆመ፤ ጊብሰንም በ1984 ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተማሪ እያጡ መጡ፤ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ዙሪያው ወረዳዎች ሄደ።

ኖቬምበር 10 ቀን 2005 የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊ ጃኒስ ብራውን ለቦርዱ ስብሰባ አንድ ዜና ይዘው ቀረቡ። ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉ ለጋሾች፣ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ለሚመረቅ ልጅ በሚቺጋን የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያውን ሊሸፍኑለት ነው። የደረጃ ውድድር የለም፤ የቤተሰብ ገቢም አይጠየቅም። የለጋሾቹ ማንነት እስከ ዛሬ በይፋ አልተነገረም። እኛ ዘንድ ጥቂት ደርዘን ደብተር ሲታደል እንኳ ባነር ይሰቀላል!

ዋናው መስፈርት ቆይታ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እዚያው የተማረ 100 በመቶ፣ በ9ኛ ክፍል የገባ 65 በመቶ ይከፈልለታል። ከዚያ በኋላ የመጣ ምንም አያገኝም። እኔን ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ኪራይ ሲጨምርበት ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ የሚንከራተተው ድሃው ነው፤ ደንቡም ይበልጥ የሚጎዳው እሱኑ ነው።

የገንዘቡ አከፋፈል ግን ብልሃት አለው። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ፈንዶች የመንግሥት ድጎማ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈውን ብቻ ይከፍላሉ። የካላማዙው ቀድሞ ይከፍላል። ስለዚህ ድሃው ተማሪ የፌዴራሉን ድጎማ ለቀለቡ፣ ለኪራዩና ለመጽሐፉ ያውለዋል። ዕድሉን ለመጠቀምም 10 ዓመት ስላለው፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ ልጅ መመለስ ይችላል።

ውጤቱስ? የተማሪው ቁጥር አገገመ። እዚያው ከተማ ያለው የአፕጆን ተቋም ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ከተመራቂዎቹ ውስጥ በ6 ዓመት ዲግሪ ወይም ሰርተፊኬት የሚይዙት ድርሻ በአንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሯል። ያም ሆኖ ገብተው ሳይጨርሱ የቀሩት ጥቂት አይደሉም። የትምህርት ክፍያ ከደጁ ያደርሳል፤ ከገቡ በኋላ በሒሳብ መውደቅ አለ፣ የሌሊት ፈረቃ ሥራ አለ፣ በቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠ ስለሌለ የሚጠይቀው ሰው ማጣት አለ። አስተባባሪዎቹም ይህን ሲያዩ ከክፍያው ሌላ በኮሌጆቹ ውስጥ ተማሪውን በቅርብ የሚከታተሉ አማካሪዎች መደቡ።